መልስ፦ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የባቡር መስመር

ባሕር ዳርን ከሌላ ከተማ ያገናኘ የባቡር መስመር ኖሮ አያውቅም፤ ስለዚህ «የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሐዲድ በየት በኩል ያልፍ ነበር?» ለሚለው ጥያቄዎ በካርታ ላይ የሚፈልጉት መስመር የለም። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ሲቋቋም ከተማዋ የነበራት የየብስ መንገድና ወደ ጎርጎራ የሚያሻግረው የጣና የጀልባ ጉዞ ነበር። በወረታ በኩል ወደ ወልዲያ ታቅዶ የነበረው ሐዲድም ከወረቀት አላለፈም።

ጽሑፍዎ በኢንዱስትሪ ሰፈር ስለሚያልፍ ባቡር እንዲሆን ከፈለጉ ግን፣ ግንባታው በ1897 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1915 አቃቂ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰውን፣ 784 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን መስመር ይውሰዱ። ከሁሉም አቃቂን እመርጥልዎታለሁ፤ ፋብሪካና ሐዲድ ጎን ለጎን ይታዩበት የነበረ ቦታ ነውና።

ከልምዴ አንድ ማሳሰቢያ፦ የድሮ ጽሑፎች ዓመተ ምሕረቱን ከአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሳይለዩ ስለሚያስቀምጡ፣ ወሩን ሳያረጋግጡ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አይቀንሱ፤ ድሬዳዋ የተደረሰው በታኅሣሥ በመሆኑ ዓመቱ 1895 እንጂ 1894 ዓ.ም. አይደለም።