ሽሉ ያደገበት ፈሳሽ ምን ይነግረናል? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

«ሽሉ ሳይነካ ይመረመራል» ሲባል ምኑ ነው የሚመረመረው? (ብዙዎች ጠይቃችኋል)

ከማሕፀን ውጭ በሚደረግ ፅንሰት (አይ.ቪ.ኤፍ) ሽሉ ወደ ማሕፀን ከመግባቱ በፊት በላብራቶሪ ያደገበት ፈሳሽ ነው። ሽል ሲያድግ የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ወደ ፈሳሹ ይለቃል። አብዛኛውን ጊዜ በ4ኛው ቀን ታጥቦ 10 ማይክሮሊትር ገደማ ወደሆነች አዲስ ጠብታ ይዛወራል። በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን ሽሉ ይወጣና ጠብታዋ ተቀድታ ትቀዘቅዛለች። ከዚያ ዲኤንኤው ተባዝቶ የክሮሞዞሞቹ ቁጥር ይነበባል። በተለመደው ምርመራ ግን የእንግዴ ልጅ ከሚሆነው የሽሉ ውጫዊ ክፍል ከ5 እስከ 10 ሕዋሳት ይወሰዳሉ።

ምርመራው ሽሉን ያጠነክረዋል?

አያጠነክረውም። ያለውን ይናገራል እንጂ አይለውጠውም።

ያሉን ሽሎች ሁለት ብቻ ናቸው። በፈሳሽ ምርመራ ሁለቱም የክሮሞዞም ችግር አለባቸው ተባልን። ይወገዱ ወይ?

በዚህ ውጤት ብቻ እንዳይወገዱ! በፈሳሹ ያለው ዲኤንኤ እጅግ ጥቂት ነው፤ አንድ ሙሉ ሕዋስ እንኳ የሚይዘው 6 ፒኮግራም (የግራም ትሪሊዮንኛ) ገደማ ነው። ያም ቢሆን የተበጣጠሰ ሲሆን፣ ከፊሉ ከሚሞቱ ሕዋሳት የመጣ ነው። የሚሞቱት ሕዋሳት ደግሞ የቀሩትን ላይወክሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ፈሳሹ ሽሉን ከሆነው በላይ አክፍቶ ሊያሳየው ይችላል።

«ጤናማ ነው» የተባላችሁም አትዘናጉ። እንቁላሉን የከበቡት የእናት ሕዋሳት በደንብ ካልጸዱ የእርሷ ዲኤንኤ ጠብታው ውስጥ ይቀራል። ያኔ ወንዱ ሽል ሴት፣ ችግር ያለበት ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

ላብራቶሪውን እነዚህን ጠይቁ፦ ሽሉ በጠብታዋ ውስጥ ስንት ሰዓት ቆየ? ጊዜው ካጠረ ዲኤንኤው አይበቃም። የወንድ ዘር ወደ እንቁላሉ በመርፌ ነው የገባው? ካልሆነ ከውጭ የተጣበቀ የወንድ ዘር ሕዋስ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። ሽል ያልነበረበት ጠብታስ ጎን ለጎን ተመርምሯል? ይህ ካልተደረገ ባዕድ ዲኤንኤ ከራሱ ከማሳደጊያው ፈሳሽ መምጣት አለመምጣቱ አይታወቅም። መልስ ካላገኛችሁ አትፈርሙ። የቀዘቀዘውን ሽል አቅልጦ ሕዋስ መውሰድና መልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ በሂደቱ ግን ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት የዘረመል አማካሪ የግድ አነጋግሩ፤ ክሊኒኩ ቢያጣድፋችሁም አነጋግሩ። በእኔ እምነት ይህ ምርመራ የትኛው ሽል ይቅደም ለማለት ይረዳል፤ የትኛው ይጣል ለማለት ገና አልደረሰም።

ሁለታችንም የአንድ በሽታ ዘረመል ተሸካሚዎች ነን። ፈሳሹ ይበቃናል?

አይበቃም። ዲኤንኤው ሲባዛ ከሁለቱ የዘረመሉ ቅጂዎች አንዱ ሳይባዛ ሊቀር ይችላል፤ ተሸካሚውም ሆነ ታማሚው በስህተት ሊነበብ ይችላል። ከሽሉ ሕዋስ ይወሰድ፤ ዝርዝሩን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእርግዝና የደም ምርመራ ያስፈልገኛል?

አዎ። ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእናት ክንድ በሚወሰድ ደም የሚደረገው ሌላ ምርመራ ነው፤ ስማቸው ቢቀራረብም (የደሙ NIPT፣ የፈሳሹ niPGT ይባላል) አንዱ ሌላውን አይተካም። የደም ምርመራው ችግር ካሳየም ከእንሽርት ውሃ ናሙና ተወስዶ ይረጋገጣል።