ናይል ወይስ ዳኑብ? ጠቡ የወንዝ አይመስለኝም

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። በመጪው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 25 ዓመት ይሞላናል። ልጆቻችን ገንዘብ አዋጥተው "በወንዝ መርከብ ተዝናኑ፣ ወንዙን እናንተ ምረጡ" አሉን። እኔ ዳኑብን መረጥኩ። ከፓሳው ተነስቶ ቪየናን፣ ብራቲስላቫንና ቡዳፔስትን አሳይቶ የሚመልስ የ7 ሌሊት ጉዞ ነው። እሱ ግን ናይል ካልሆነ አልሄድም አለ። እኔ ሙቀት አልችልም። ደግሞ በወጣትነቱ በሱዳን አድርጎ አስዋን ገብቶ፣ ግብፅ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖሯል። ያየው አይበቃውም? ይኸው ሦስት ወር ተኮራርፈናል። ይህን ግትርነቱን እንዴት ላስተወው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከላይ ያለው እኔ ያሳጠርኩት ነው። ስለ ዳኑብ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈውልኛል። የክፍሉ በረንዳ አለ፣ ሜልክ ላይ ያለው ገዳም አለ፣ በማታ መብራት የሚያበራው የቡዳፔስት ፓርላማ አለ። ባለቤትዎ ናይልን ለምን እንደፈለጉ ግን አንድ መስመር እንኳ አጣሁ። ጠይቀዋቸው ይሆን? አይመስለኝም።

የሙቀቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። በሐምሌና በነሐሴ ከሄዱ እውነትዎን ነው፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን አየሩ ደስ ይላል፣ ማታ ማታ እንዲያውም ሹራብ ያስፈልጋል። ከሉክሶር እስከ አስዋን ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መርከቡ በ3 ወይም በ4 ሌሊት ይጨርሳታል። ዳኑብም ቢሆን ውሃው ሲጎድል ወይም ከልክ በላይ ሲሞላ መርከብ ያስቆማል፣ እንግዳውም በአውቶቡስ ይጓዛል። ስለዚህ በአየር ጠባይ ሦስት ወር አይኮረፍም።

እኔን የያዘኝ «ያየው አይበቃውም?» ያሉት ነው።

ምን አይተው ይሆን? የባለቤትዎን ታሪክ አላውቅም። በዚያ መንገድ ያለፉ ሰዎች ሲያወሩ ግን ሰምቻለሁ። ከሱዳኗ ዋዲ ሐልፋ አስዋን ድረስ የናስርን ሐይቅ በጀልባ ያቋርጡ ነበር። ሌሊቱን ሻንጣ ተንተርሰው፣ ወረቀታቸውን ደረታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ነገ የሚጠይቃቸውን ፖሊስ እያሰቡ ያድሩ ነበር። ውሃው ያምር እንደነበር የነገረኝ የለም። የኤድፉና የኮም ኦምቦ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ለወንዙ ቅርብ ናቸው፤ መታወቂያ እንዳይጠየቅ የሚሸሽ ሰው ግን ትኬት መቁረጫ ሰልፍ ላይ አይቆምም። እንግዲህ ይህን ማየት እንበለው? እኔ መሻገር ነው የምለው።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ለወንዙ የተባለ ነው፤ እኔ ግን ስደተኛ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከእኛው ተራራ የወረደ ነው። ባለቤትዎም ያኔ አስዋን የገቡት እንደዚያ ውሃ ነው፤ ከየት መጣህ ብሎ በፍቅር የጠየቃቸው ሳይኖር።

ሰው አንዳንዴ ወደተዋረደበት ቦታ መመለስ ያምረዋል። ቦታውን ሊያይ አይደለም፤ ቦታው እሱን እንዲያየው ነው። ፓስፖርቱን በኪሱ ይዞ፣ ከመርከቡ በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣ፣ ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ። ደግሞ አንድ ነገር ያስተውሉልኝ። ባለቤትዎ «ብቻዬን እሄዳለሁ» አላሉም። ናይል ካልሆነ አልሄድም ነው ያሉት። እርስዎን ይዘው መሄድ ነው የፈለጉት። ይህን እርስዎ ግትርነት አሉት፤ እኔ ልመና ይመስለኛል። አነጋገራቸው እንዳላማረ አልክድም።

የእርስዎም ወንዝ ቢሆን ዝም ብሎ አልተመረጠም። በደብዳቤዎ መጨረሻ፣ እንደዋዛ፣ 17 ዓመት በአረጋውያን መንከባከቢያ እንደሠሩ ጠቅሰዋል። ፀጉራቸውን የሚያበጥሩላቸው አንዲት ባልቴት ስለ ዳኑብ ጉዟቸው ሲያወሩልዎ፣ እርስዎ በልብዎ «አንድ ቀን እኔም ልስተናገድ» ብለዋል። ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። እርስዎም ባለቤትዎም የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ በውሃ ላይ እንግዳ መሆን። ቅር ያለኝ፣ የእርስዎን ምክንያት ለእኔ ለማያውቁኝ ሰው ነግረው ለእሳቸው አለመንገርዎ ነው።

ምን ላድርግ ካሉኝ፣ ለጊዜው ትኬት አይቁረጡ። የልጆቹ ገንዘብ አይሻግትም። አንድ ማታ ቡና አፍልተው «ያኔ አስዋን ስትደርስ እንዴት ነበርክ?» ብለው ይጠይቋቸው። «ተይው» ይሉ ይሆናል። ይተዉት፤ ምናልባት ከሳምንት በኋላ ራሳቸው ያነሱታል። ብቻ ያ ዘመን ሲነሳ ተነስተው የሚወጡ ከሆነ ወይም ሌሊት የሚባንኑ ከሆነ፣ ከመርከቡ በፊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ለፊት ቢያናግሩ ይሻላል። እዚያው ከተማችሁ ማግኘት ይቻላል፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ብትገቡ ደግሞ ጥሩ ነው። መመለስ ሁሉንም አያሽርም፣ የሚያመው ሰውም አለ።

እሳቸው ሲጨርሱ ደግሞ ስለ ሜልክ የጻፉልኝን ያንን ገጽ ያንብቡላቸው። የባልቴቷን ነገርም እንዳይዘሉት።