ከስንት ሴንቲ ሜትር ነው ያነሳኸው?

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዷ ተማሪ "የኖራ ጠጠሩን ከየትኛውም የአፈሩ ክፍል ብወስድ ችግር አለው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ወዲያው ነገርኳት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ አንድ ጥንታዊ አፈር ቆፍረን ነበር፤ ውስጡ ከተፈጠሩት የኖራ (ካርቦኔት) ጠጠሮች ድሮ ምን ዓይነት ተክል እንደበቀለበት ለማወቅ። አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። ጠጠሮቹ ባቄላ ያክላሉ፤ አሲድ ጠብ ሲልባቸው ቸስ ብለው አረፋ ያወጣሉ። ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ መልቀም ሰለቸኝ። ከላይ የቀረበኝን ለቃቅሜ አንድ ከረጢት ውስጥ ጨመርኩ። ጥልቀቱን አልጻፍኩም።

ውጤቱ ሲመጣ በደስታ ሰከርኩ። ዛፍና ቁጥቋጦ ብቻ የበቀለበት አፈር ካርቦኔቱ በካርቦን-13 (ከበድ ባለው የካርቦን ዓይነት) ልኬት ኔጌቲቭ 12 ፐርሚል (ከሺህ እጅ) አካባቢ ይሆናል። የሞቃት አገር ሳር ብቻ ከሆነ ወደ ፖዘቲቭ 2 ይጠጋል። የኔ ዜሮ አካባቢ ነበር። "ሜዳው ሳር ነበር" ብዬ በስብሰባ ላይ ተናገርኩ።

አንድ አዛውንት ተመራማሪ እጃቸውን አወጡ። "ከስንት ሴንቲ ሜትር ነው ያነሳኸው?"

"ከ50 ገደማ" አልኩ። ዋሸሁ። እሳቸው እሺ ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ያ ብዕር ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ዛሬም ይታየኛል።

በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የከባቢ አየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰርጎ ገብቶ ጠጠሩ ላይ አሻራውን ይተዋል። እሱ ደግሞ ከሥርና ከብስባሽ ከሚወጣው ይልቅ በካርቦን-13 የበለጸገ ነው። ጫካው ሳር መስሎ ይታያችኋል። ይህን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አሜሪካዊው የጂኦኬሚስትሪ ተመራማሪ ቱሬ ሰርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ዘመናችን የአፈር ካርቦኔት ያሳተመውን አንብቤ ነበር።

በዓመቱ ተመልሼ ሄድኩ። ዝናብ ግድግዳውን ንዶታል። እውነቱን ልጽፍላቸው እያልኩ ሳመነታ አዛውንቱ አረፉ።

ጠጠሩን ስለ መቦርቦሩና ስለሚለካው ማሽን አልመክራችሁም፤ ከኔ ትበልጣላችሁ። ግራፍ ትወዳላችሁ፣ አቧራ ግን ትሸሻላችሁ ብዬ አዝንባችሁ ነበር። ደግሞ ሳስበው ሁሉን በስልካችሁ ፎቶ የምታነሱት እናንተ ናችሁ፤ እኛ ያን እንኳ አላደረግንም። ብቻ ጥልቀቱን ከጥንቱ አፈር ገጽ ለኩ፣ ዛሬ ከቆማችሁበት አይደለም። ገጹ በጎርፍ ተጠርጎ ከሆነም ያንኑ ጻፉ።

ከረጢቱን ትናንት ለተማሪዋ አሳየኋት። ገልብጣ አየችው፤ ቀኑ አለ። "ጥልቀቱስ?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት።