ሁለት ነጥብ ያገባው ልጅ

ለምትጽፉልኝ ወጣቶች፣

ሰሞኑን ከመካከላችሁ አንዱ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የምንደግፈው የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድን አሸንፎ እንኳን ከጓደኞቼ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን። ኳስ ይዞ ጨዋታውን የሚመራው የአንደኛ ዓመቱ ፖይንት ጋርዳችን አምስት ጊዜ ኳስ አባክኖ ለተጋጣሚ ሰጠ። እኔ ያድጋል እላለሁ። እነሱ ደግሞ አይሆንም፣ ሌላ ይምጣ ይላሉ። እርስዎ ከኮሌጅ ተጫዋቾች ጋር ስለሠሩ ይፍረዱን።»

ቶሎ ልመልስለት ነበር። ጥያቄው ግን አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና እጄን ያዘኝ። መጀመሪያ እሱን ላውራችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። እዚህ ሜሪላንድ መጀመሪያ ሆስፒታል ሠራሁ፤ ኋላ ደግሞ ከኮሌጅ ስፖርተኞች ጋር። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ የልጁንም እንዲሁ።

ልጁ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ከሩቅ ሲወረውር ደስ የሚል ልጅ። በልምምድ ላይ የሚወረውርበት እጁ የቀለበት ጣት ጅማት ተጎዳ። ሐኪም አየው። ጣቱ ተጠቅልሎ ቢጫወት ጉዳቱ አይብስም ተባለ። ኳስ ሲወረውር ግን ጣቱ ይከዳዋል። አሰልጣኙ ጠራውና ሥራውን ቀየረለት። «አትወርውር። የእነሱን ዋና አግቢ ያዝልኝ፤ ለጓደኞችህ ስክሪን ቁም፤ ተከላካዩን በሰውነትህ አግድላቸው» አለው። ጉዳቱ እንዳይወራም ታዘዘ። ተጋጣሚ ካወቀ እጁን እየፈለገ ይመታዋላ።

ከጨዋታ በፊት ያንን ጣት ከመሃል ጣቱ ጋር አጣምሬ የምጠቀልልለት እኔ ነበርኩ። ሰፊውን ቴፕ አይወድም። «ቀጭኑን አድርግልኝ፤ ከላይ የተቀመጡት ተመልካቾች እንዳያዩት» ይለኛል። መገጣጠሚያው አብጦ ይወጠራል። ቴፑን ሳጠብቀው ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፤ ወሬውን ግን አያቋርጥም። ስለ ኬሚስትሪ ፈተናው ያወራል፣ ስለ እናቱ ምግብ ያወራል። ስጨርስ ኳሷን በሁለት እጁ ይዞ ያሽከረክራታል። ጣቶቹ ተጣብቀው ሲያያቸው ይስቃል።

የዚያን ቀን ማታ ቡድኑ አሸነፈ። ልጁ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሜዳ ላይ ቆይቶ ሁለት ነጥብ ብቻ አገባ። ሁለት የቅጣት ውርወራም ሳተ። የተጋጣሚው ዋና አግቢ ግን መተንፈሻ አጣ። ኳስ ሊቀበል በወጣ ቁጥር ልጁ ከፊቱ ቆሟል። በሁለተኛው አጋማሽ ሰውየው በገዛ ጓደኞቹ ላይ «ኳስ ስጡኝ እንጂ!» ብሎ ሲጮህ ከተቀያሪዎች ወንበር ጀርባ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ይህ የሚመዘገብበት ቦታ በጨዋታው ወረቀት ላይ የለም።

ከጨዋታው በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ከጓደኞቼ ጋር እራት ነበረን። ጥብሱ ሳይቀርብ ግምገማው ተጀመረ። «ያ ልጅ አለቀለት» አለ አንዱ። «ባለፈው ዓመት እንዴት ይወረውር ነበር! ጠግቧል» አለ ሌላው። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን አነበበልን። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ እዚያው አይደለህ እንዴ የምትሠራው? ምን ሆኖ ነው?»

«እንጃ» አልኩ።

የታካሚን ነገር ማውራት በሕግም በሙያም ክልክል ነው። እንጀራዬን እየቆረስኩ ዝም አልኩ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ውለው፣ ከኪሳቸው ከፍለው ስታዲየም የሚገቡ፣ ቡድኑን ከልብ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። የተናገሩት ግን አንድም እውነት አልነበረውም። እውነቱን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በማግስቱ ልጁ መጣ። ቀኝ እጁን በረዶ ውስጥ ነክሮ በግራ እጁ ስልኩን ያገላብጣል። የማያውቃቸው ሰዎች የጻፉለትን እያነበበ ነው። እናቱ ደውላ «ልምምድ ትቀራለህ እንዴ?» ብላዋለች። እሷም አንብባለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጨዋታዎች መወርወር ጀመረ። በተጎዳ ጣቱ ወረወረ፤ ሳተ። አሰልጣኙ ተቆጣና ወንበር ላይ አስቀመጠው። ደጋፊው «አላልናችሁም?» አለ። በጸደይ ወደ ትንሽ ኮሌጅ ሄደ። ያን ጊዜ ጣቱ ድኖ ነበር።

ያ ምሽት ቢመለስ ዛሬም «እንጃ» ነው የምለው። የታካሚ ምስጢር ምስጢር ነው። ግን ይቆጨኛል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ልጁ ዛሬ ሜዳ የገባው ምን እንዲሠራ ተነግሮት ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድ እንኳን አልነበረም። ይህን የሚጠይቅ ሰው የምስጢር ወሬ አያስፈልገውም። ዓይኑን ከኳሷ ነቅሎ ልጁን አምስት ደቂቃ ቢከተለው መልሱን ያገኘዋል።

ተጫዋች አትሳደቡ ብዬ አልመክራችሁም። ያንን ቤተሰቦቻችሁ አስተምረዋችኋል። የምጨነቀው ጨዋ ሆኖ በስህተት ለሚፈርደው ነው። በተለይ ቡድኑ ሲያሸንፍ። ሲሸነፍ ሁሉም ያዝናል፣ ጥፋቱም ለሁሉም ይከፋፈላል። ሲያሸንፍ ግን ጊዜ ይተርፈናል፤ አንዱን መርጠን እንበልተዋለን።

የቅርጫት ኳሱን ኮከብ ስቴፈን ከሪን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2006 ለዴቪድሰን ኮሌጅ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ ቡድኑ ኢስተርን ሚሺጋንን 81 ለ 77 አሸነፈ። ከሪ 15 ነጥብ አገባ፤ 13 ጊዜ ደግሞ ኳስ አባከነ። አሥራ ሦስት! በዚያች ማታ ብትገመግሙት ምን ትሉ ነበር? አሰልጣኙ ቦብ ማኪሎፕ ግን ለቀጣዩ ጨዋታም ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጋር አሰለፈው። ሚሺጋን ላይ 32 ነጥብ አገባ፤ ቡድኑ ግን ተሸነፈ። ልጁ ሲያባክን ቡድኑ ያሸንፋል፣ ልጁ ሲያበራ ቡድኑ ይሸነፋል። በ2008 ያ ትንሽ ኮሌጅ በብሔራዊው ውድድር ከመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች አንዱ ሆነ።

የእኛው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ታሪክ አለው። በጥር 2001 በገዛ ሜዳቸው በኮል ፊልድ ሀውስ ዱክ ዩኒቨርሲቲን በአሥር ነጥብ እየመሩ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ እኩል ተደረሰባቸውና በጭማሪ ሰዓት 98 ለ 96 ተሸነፉ። በዚያው ዓመት በብሔራዊው ውድድር የመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ ገብተው፣ ያንኑ ዱክን በ22 ነጥብ ሲመሩ ቆይተው እንደገና ተሸነፉ። «እነዚህ ልጆች ልብ የላቸውም» ያላለ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት፣ ኤፕሪል 1 ቀን 2002፣ አብዛኞቹ ያው ልጆች አትላንታ ላይ ኢንዲያናን 64 ለ 52 አሸንፈው ዋንጫ አነሡ። ከእነሱ ዋነኛው ህዋን ዲክሰን ነበር። የባልቲሞር ልጅ፣ ወላጆቹን በሞት ያጣ፣ ሰውነቱ ቀጭን። ኮሌጅ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት ጭራሽ አልተጫወተም። ሲመረቅ ግን 2,269 ነጥብ አስቆጥሮ የዩኒቨርሲቲውን ክብረ ወሰን ይዞ ነበር።

ያን ጊዜ የሙያ ፈቃዴን እስካገኝ ማታ ማታ ታክሲ እነዳ ነበር። የዋሽንግተኑ ናሽናል ኤርፖርት ወረፋ ላይ የአንዱን መኪና አራት በር ከፍተን፣ ሬዲዮውን ከብበን ጨዋታውን እንሰማለን። መንገደኛ መጥቶ ተራው የደረሰው ሹፌር ሲሄድ «ውጤቱን ንገሩኝ!» እያለ ነው። ሬዲዮ የሚነግረን ኳሷ ያለችበትን ብቻ ነበር። ስክሪን የሚቆመው፣ አግቢውን አፍኖ የሚውለው በሬዲዮ አይሰማም። እኛም ለዓመታት ቅርጫት ኳስን ያወቅነው በዚያ መንገድ ነው። በሲልቨር ስፕሪንጉ ምሽት የነበሩት ጓደኞቼም ከእነዚያ ሹፌሮች መካከል ናቸው።

እናንተ ሙሉ ጨዋታ የማየት ዕድል አላችሁ፤ ግን አታዩም። የሚያስከፋኝ ይህ ነው። ቁርጥራጭ ቪዲዮ አይታችሁ ትጨርሳላችሁ። ቁጥር በማወቅ ደግሞ ከእኛ በብዙ ትበልጣላችሁ። አንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ ስንት አገባ፣ ስንት ገባበት የሚለውን ስሌት ያስተማረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ጥሩ ስሌት ነው። የአንድ ቀኑን ግን አትመኑት፤ ከማን ጋር እንደተሰለፈ ብቻ ሊወስነው ይችላል። የአንድ ወሩን ተመልከቱ።

ለጠያቂዬ አጭር መልስ አለኝ። አምስቱ ኳሶች የት ባከኑ? በ10 ሰከንድ ውስጥ የሜዳውን አጋማሽ ለማለፍ ሲጣደፍ፣ ሁለት ሰው ሲያጠምደው ከሆነ፣ እሱ በልምምድ ይስተካከላል። ግራ እጁን ማጠንከር አለበት። ለሚሮጥ ጓደኛው ቀድሞ አቀብሎ ጓደኛው ስላልደረሰ ከሆነ ደግሞ ልጁ ከሌሎቹ ቀድሞ ያያል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ሌላ ይምጣ ብላችሁ አታባርሩት። በየካቲት ሌሎቹ ቡድኖች አጥንተውት ሲመጡ ምን እንደሚያደርግ እዩ።

አንዳንዶቻችሁ «ዛሬ እኮ ይከፈላቸዋል፤ ብንተቻቸው ምን አለበት?» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፤ ከ2021 ጀምሮ በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ደስ ብሎኛል፤ ለዓመታት በነጻ ሲለፉ አይቻለሁና። ኮሌጅ ቀይረው ዓመት ሳይቀመጡ መጫወት መቻላቸውም ትክክል ነው። ግን አንድ ልጅ በአንደኛ ዓመቱ «ውጣልን» እየተባለ ሲሄድ ማየት ያመኛል። መብቱም ደስ ይለኛል፣ መሄዱም ያናድደኛል። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም።

ስለ ውርርድ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 በሩን ከከፈተ ወዲህ የስፖርት ውርርድ በየስልኩ ገብቷል። በ2024 የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር በአንድ ተማሪ ነጥብ ላይ መወራረድ እንዲከለከል ጠየቁ፤ ሜሪላንድም ከልክላለች። ያ ሁለት ነጥብ ያገባው ልጅ ዛሬ ቢጫወት በእሱ ነጥብ ገንዘብ ያጣ ሰው ይጽፍለት ነበር። ያ ጽሑፍ «ጠግቧል» ብሎ አያበቃም።

ስለዚህ «የእገሌ ጉልበት እንዴት ነው? ቅዳሜ ይገባል ወይ?» እያላችሁ በግል የምትጽፉልኝ ሁለት ሦስት ልጆች፣ ለምን እንደምትጠይቁ ገብቶኛል። ለእናንተም መልሴ «እንጃ» ነው። ስለ ጨዋታው ግን የፈለጋችሁትን ጻፉልኝ፤ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ።

ወንድማችሁ