የቡዳ ወሬና የቴሌግራም ፒዲኤፍ

ባለፈው ስለ ፀረ-አይሁድ ጥላቻና ስለ ሶሻል ሚዲያ ዘመቻ ጫር አድርጌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግሩፓችን ላይ አንድ ልጅ «አይሁዶች ዓለምን የሚገዙበት ምስጢራዊ ዕቅድ» የሚል ፒዲኤፍ ለቀቀ። ስክሪንሾት አንስቼ «ውሸት ነው!» ብዬ ቲክቶክ ላይ ለጠፍኩት። ሰዉ ግን «ፒዲኤፉን ላክልን» እያለ አስቸገረኝ። ምን አጠፋሁ? (ከፔዳ ግቢ)

መልስ፦ በነፃ ማስታወቂያ ሠራህለታ! ሰው ያየው የፒዲኤፉን ርዕስ ነው፤ ከሥር የጫርካትን ማን ያነባል? ሌላ ጊዜ ከእውነቱ ጀምር። ታሪኩ ራሱ ይጥማል። ጽሑፉ በ1903 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ውስጥ በጋዜጣ የወጣ ፈጠራ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ከአንድ የፈረንሳይ የፖለቲካ ስላቅ ጎን አስቀምጦ የት የት እንደተገለበጠ አሳየ። ስላቁ የተጻፈው በፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት በናፖሊዮን 3ኛ ላይ ነበር። ኩረጃ ነው በአጭሩ። ኩረጃን ለተማሪ ማስረዳት አያቅትህም መቼም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ላይ አይሁድ የት አለና? የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛ ምን አገባን? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ አያቴ ምጣድ ስትገዛ ትዝ ይለኛል። በጣቷ ቆርቆር አድርጋ ድምፁን ትሰማለች፣ ተከራክራ ትከፍላለች፣ ከዚያ ቶሎ ብላ እኔን በነጠላዋ ትሸፍነኛለች። «ዓይኗ እንዳያርፍብህ።» ምጣዷን ወደናታል፤ ሠሪዋን ግን ፈራናት። ገበሬውም ማረሻውን የቀጠቀጠለትን ሰው «ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይለው ነበር። ከጣና ወደ ሰሜን፣ በጎንደር ገጠር፣ የእኛዎቹ አይሁዶች ቤተ እስራኤሎች ላይ የተለጠፈው ይኸው ወሬ ነው። ርስት ተነፈጉ፣ በብረትና በሸክላ ሥራ ኖሩ፣ በዚያው ሥራቸው ቡዳ ተባሉ። በግንቦት 1983 ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓዙ። ስድቡ እዚሁ ቀረ። ዛሬም ጨካኝ ሰው ሲያጋጥመን «ይሄ አይሁድ!» እንል የለ? ያውም ታቦተ ጽዮን ጣና ቂርቆስ ላይ አርፋ ነበር እያልን የምንተርክ ሰዎች። እመቤታችንስ ከየትኛው ሕዝብ ነበረች?

ጥያቄ፦ የእስራኤልን መንግሥት ከተቃወምኩ ፀረ-አይሁድ ተባልኩ ማለት ነው?

መልስ፦ የለም። መንግሥትን በሠራው ሥራ ተቃወም። «እነሱ እኮ ድሮም…» ማለት ስትጀምር ግን መንግሥቱን ትተህ ዘር ቆጠራ ገብተሃል።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን። አጫጭር ቪዲዮ ለመሥራት አስበናል፤ ያለን አንድ ስልክ ብቻ ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ስልኩ ይበቃል። ከናዚዎች የአውሽቪትዝ ማጎሪያ የተረፉት ሊሊ ኤበርት ዘጠናን ካለፉ በኋላ ነው ከልጅ ልጃቸው ልጅ ጋር ቲክቶክ ላይ የወጡት። ክንዳቸው ላይ የተነቀሰውን ቁጥር እያሳዩ የወጣቶችን ጥያቄ ይመልሱ ነበር። ከ1 ሚሊዮን በላይ ተከታይ አፈሩ። ይህን ያደረጉት አንዲት አሮጊትና አንድ ጎረምሳ ናቸው።

ቲክቶክ ላይ ብቻ እንዳትቀሩ ግን። ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ 6 ሚሊዮን አይሁድ ስላለቁበት የናዚ ፍጅት ቴሌግራም ላይ በይፋ ከተለጠፈው 49 በመቶው ክህደት ወይም ማጣመም ነበር። የእኛ ልጆች ደግሞ የሚውሉት ቴሌግራም ላይ ነው። የፍጅቱ ሰለባዎች የሚታሰቡበት ዓለም አቀፍ ቀን ብዙውን ጊዜ ጥር 19 ይውላል፤ ለዚያ አድርሱት።

መጀመሪያ ግን አንድ ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ ፈልጉ። አስፈቅዱ፤ «ምን ሲሏችሁ ኖሩ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ፊቴ አይታይ ካሉ እጃቸውን ቅረጹ። በማለዳ ሂዱ፤ ከረፈደ የባጃጅ ጡሩምባ ድምፁን ያበላሽባችኋል።