ስለ ጣልያን የወይን አገር የሳይክል ጉዞ ለጠየቅሽው የስቶክሆልም እህት

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ለዐሥረኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችሁ አደረሳችሁ። «የጣልያንን የወይን አገር በኤሌክትሪክ ሳይክል ከአስጎብኚ ጋር ልናይ አስበናል፤ ሁለታችንም ሳይክል ከነዳን ቆይተናል፤ ዋጋው ከበድ ይላል፣ ያዋጣል ወይ?» ብለሻል። እኔና ባለቤቴ ከፍራንክፈርት ተነስተን ይኸንኑ ጉዞ አድርገነዋል። ያዋጣል። ግን እኛን ያጋጠመን እናንተን እንዳያጋጥማችሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ቦታውን አስቢበት። ሰው ሁሉ ቶስካና ቶስካና ይላል። እዚያ ያለው ኪያንቲ ውብ አገር ነው፣ ነጭ የጠጠር መንገዶቹ ግን ሳይክል ለረሳ ሰው ያንሸራትታሉ። እኛ የሄድነው ወደ ሰሜን፣ ፒየሞንቴ ውስጥ ላንጌ ወደሚባለው ኮረብታማ አገር ነው። ከቶሪኖ በባቡር አልባ የምትባለው ከተማ ትገቢያለሽ፣ ከዚያ ወዲያ ዓይንሽ እስከሚያይበት ድረስ ወይን ብቻ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ሲያንሰው ነው። የአገሩ የወይን ጠጆች፣ ባሮሎም ባርባሬስኮም፣ የሚሠሩት ኔቢዮሎ ከሚባል አንድ የወይን ዘር ነው። ባሮሎ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፣ ከዚያ ውስጥ 18ቱን ወር በእንጨት በርሜል። ምድር ቤት ወርደሽ በርሜሎቹን በዓይንሽ ስታዪ የጠርሙሱ ዋጋ አይገርምሽም።

ኔቢዮሎ የሚለቀመው በአብዛኛው በፈረንጆቹ ኦክቶበር ነው። ያን ጊዜ ብትሄዱ ለቀማውንም ታያላችሁ፣ የአልባ ነጭ ትራፍል (ከመሬት ሥር የሚወጣ ውድ የእንጉዳይ ዓይነት) ገበያም ያኔ ነው። ጽጌን የምትጾሚ ከሆነ ግን ለኩባንያው አስቀድመሽ ጻፊ። የአገሩ ፓስታ በእንቁላል አስኳል የሚቦካ ነው፣ ሌላው ደግሞ ሥጋ የተሞላ ነው፤ ሳይነገራቸው የጾም ምግብ የሚያዘጋጅ የለም። «ቬጋኖ» በያቸው፣ ይገባቸዋል። ባለቤቴ እንኳ አይጾምም፣ በወይራ ዘይትና በሎሚ የተለወሰ ጥሬ የተከተፈ ሥጋ ሲያቀርቡለት ከክትፎ ጋር ዘመድ ነው ብሎ በየምሳው ያዝ ነበር።

2. ባትሪ። በአውሮፓ ሕግ የሳይክሉ ሞተር 250 ዋት ነው፤ የሚያግዝሽም ፔዳል እየመታሽ እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ ብቻ ነው። ሞተር ሳይክል የሚመስላቸው አሉ፣ አይደለም። የእርዳታው መጠን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ደረጃ አለው፦ ኢኮ፣ ቱር፣ ቱርቦ። ቱርቦ ዳገቱን ሜዳ ያደርግልሻል፣ ባትሪውን ግን ይጨርሰዋል። የራሳችንን ሳይክል በአውሮፕላን እንውሰድ እንዳትሉ፤ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ ለመንገደኛ አይፈቀድም፣ የሳይክል ባትሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 500 አካባቢ ነው።

3. ውል። ሌላው ሁሉ ቢረሳሽ ይህ አይረሳሽ።

እኛ የገዛነው ጉዞ በጽሑፍ «ቢበዛ 8 ሰው፣ አንድ አስጎብኚ፣ ከኋላ የሚከተል ቫን» ይል ነበር። ስሙን አልጠራም፣ አንድ የጣልያን ኩባንያ ነው። አልባ ስንደርስ 14 ሰው ሆነን ተገኘን። ቫኑስ ብንል «ከሌላ ቡድን ጋር ሄዷል» ተባልን። አስጎብኚው ጨዋ ልጅ ነበር፣ ግን አንድ ሰው ከፊት ፈጣኖቹን ይምራ ወይስ ከኋላ እኛን ይጠብቅ? ባሮሎ መንደር 300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ላ ሞራ ደግሞ ከ500 በላይ፤ መካከላቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ዳገት ላይ የባለቤቴ ባትሪ አለቀ። መሪው ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ቀይ ሆና ብልጭ ብልጭ አለችና ጠፋች። ሃያ አምስት ኪሎ የሚጠጋ ብረት ያለ ሞተር ዳገት ላይ ምን እንደሚመስል አስቢው። ፊቱ ቀላ፣ ወርዶ መግፋት ጀመረ። አስጎብኚው ከእይታ ውጭ ነው።

ቢሮው ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ «ባትሪውን መቆጠብ የእናንተ ሥራ ነው» አለችኝ። የቫን ዋጋ እኮ ከፍለናል ስላት «ዳገት ካልቻላችሁ ለምን መጣችሁ?» ብላ ዘጋችብኝ። ያን ያህል ገንዘብ የከፈለን ሰው እንዲህ ይናገሩታል? እስከዛሬ ስጽፈው ያናድደኛል። ደግነቱን ያየሁት ከመንገዱ ሰው ነው፤ ወይን በሳጥን የጫነ ትራክተር አጠገባችን ቆመ፣ ሽማግሌው ነጂ አንድ ቃል ሳንለምነው ሳይክሉን ከሳጥኖቹ ጎን አስሮ ላ ሞራ አደባባይ ድረስ አደረሰልን። ገንዘብ ስንሰጠው ተቆጣ።

ያን ማታ ባለቤቴ «ተይው በቃ፣ በዓላችንን አናበላሽ» አለኝ። አልተውኩትም። ሻወር ሳልወስድ ሆቴሉ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ለኩባንያው ኢሜል ጻፍኩ፦ ምን ቃል እንደገቡ የራሳቸውን ገጽ ፎቶ አንስቼ፣ ምን እንዳገኘን፣ ስንት ሰው እንደሆንን፣ በስንት ሰዓት ደውዬ ምን እንደተባልኩ። ከታች የአውሮፓ ኅብረትን የጥቅል ጉዞ መመሪያ ቁጥር፣ 2015/2302፣ ጠቀስኩ። በማግስቱ ጠዋት ቫኑ ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ ነበር!

ይህ መመሪያ እንዲህ ነው። ሆቴሉንና አስጎብኚውን በአንድ ላይ ከአንድ ኩባንያ ስትገዢ ጥቅል ጉዞ ይባላል። ከመግዛትሽ በፊት የሰጡሽ መግለጫ የውሉ አካል ይሆናል፤ ቃል የገቡት ሲጓደል አዘጋጁ ማስተካከል አለበት፣ ካላስተካከለ ዋጋ ይቀንሳል። ኩባንያው ቢከስር እንኳ ገንዘብሽ ዋስትና አለው። ዋጋውን ከ8 በመቶ በላይ ከጨመሩብሽ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችያለሽ። ከአንቺ የሚጠበቀው ጉድለቱን ሳትዘገዪ፣ እዚያው እያለሽ ማሳወቅ ነው። የእኔን ጉዳይ ያጸናችው ያች የማታ ኢሜል ናት። ሆቴሉን ለብቻ፣ ሳይክሉን ለብቻ ከተለያየ ቦታ ከገዛሽ ግን ይህ ጥበቃ አይኖርሽም፤ አዳር የሌለው የአንድ ቀን ጉዞም አይገባበትም። ጥቂት ዩሮ ይረክሳል ብለሽ አትበታትኚው።

ስንመለስ መጀመሪያ የላኩልን ለሚቀጥለው ጉዞ የሚሆን የቅናሽ ኩፖን ነበር። ኩፖኑን አልቀበልም ብዬ መለስኩላቸው። ከዚያ ጀርመን ውስጥ ኬል ከተማ ላለው የአውሮፓ ሸማቾች ማዕከል አመለከትኩ፤ በነፃ ነው፣ እነሱ ጣልያን ካለው አቻቸው ጋር ተጻጻፉ። ከከፈልነው ሩብ የሚጠጋ ገንዘብ ሒሳባችን ውስጥ ገባ። ጀርመንኛዬ የቢሮ ጀርመንኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛዬም እንደዚያው፣ ግን መብቴን አስከብሬያለሁና ደስ ብሎኛል። በስዊድንም ኮንሱመንት ዩሮፓ የሚባል ያው ማዕከል አለላችሁ።

ሌላው ቀላል ነው። ቁመታችሁን አስቀድመሽ ላኪ፤ እኔ አጭር ነኝ፣ እግሬ መሬት የሚነካ ሳይክል ያገኘሁት ቀድሜ ስለጻፍኩ ነው። ወይን ስትቀምሱ እንትፍ ማለት ነውር የለውም፣ መትፊያ ዕቃው ለዚያ ነው የሚቀርበው። ባሮሎ ቢያንስ 13 በመቶ አልኮል አለው፣ ከቅምሻ በኋላ ደግሞ ቁልቁለት አለ፤ የጣልያን የአልኮል ወሰን በሊትር ደም 0.5 ግራም ሲሆን ሳይክል ነጂንም ይመለከታል።

ሐበሻ መሆናችሁም እዚያ መንገድ ላይ ያስወድዳችኋል። ሴራሉንጋ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ባለቤቴን አይተው «ጊርማይ!» ብለው አጨበጨቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጂሮ ዲታሊያ በሚባለው የጣልያን የሳይክል ውድድር የአንዱን ቀን ውድድር ያሸነፈውን ኤርትራዊውን ቢንያም ግርማይን ማለታቸው ነው። ባለቤቴ ያን ቀን የቀረውን ዳገት በኢኮ ነው የወጣው።

አሁን ኩባንያውን እነዚህን በጽሑፍ ጠይቂ፦ ቢበዛ ስንት ሰው፣ ስንት አስጎብኚ፣ ቫኑ በየቀኑ ይከተላል ወይ፣ ትርፍ ባትሪ ይይዛል ወይ፣ የቀኑ ዳገት በሜትር ስንት ነው፣ የቅምሻው ክፍያ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ። መልሱን ሲልኩልሽ ቀብድ ሳትከፍዪ ላኪልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።