ጨጓራ ላይ ያለ ዕጢን በላፓሮስኮፒ ዳስሶ ማግኘት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ (ሬዚደንት፣ ደሴ)፦ ዶክተር፣ በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምና) ጊዜ በግራስፐር (በረጅሙ መያዣ መሣሪያ) ስንነካው ዕጢው ለምን አይታወቀንም?

መልስ፦ የትሮካሩ (መሣሪያው ወደ ሆድ የሚገባበት ቱቦ) ጎማ የግራስፐሩን ዘንግ ይይዘዋል፤ የሆድ ግድግዳውም ይጫነዋል። እጅህ የሚሰማው በአብዛኛው ይህንኑ ሰበቃ ነው። ገና የጀመረ ካንሰር ደግሞ የጨጓራውን ጡንቻ ስላልነካ ከውጭ አይታይም። በመዳሰሻ መሣሪያዎች ላይ ሴንሰሩን (ጥንካሬን የሚያነበውን ክፍል) ጫፉ ላይ ያደረጉት ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ባዮሜዲካል ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ)፦ ከመዳሰሻ መሣሪያዎቹ በድምፅ የሚሠራው ዓይነት እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ እጀታው አካባቢ ያለ ስፒከር ቱቦው ውስጥ ድምፅ ይልካል። ጫፉ ሲጫን የሚመለሰው ድምፅ ይለወጣል፤ ማይክሮፎን ያነበዋል። ሆድ ውስጥ የሚገባው ክፍል ኤሌክትሪክ የለውም፤ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ቱቦው ውስጥ የውሃ ጠብታ ከቀረ ግን ንባቡ ይዛባል፤ በደንብ አድርቁት።

ጫፉ አየር የታሸገበት ዓይነት ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ ዜሮ አድርጋችሁ (የመነሻ ንባቡን አስተካክላችሁ) ደሴ አትጠቀሙበት። ወደ 600 ሜትር የሚጠጋው የከፍታ ልዩነት የአየር ግፊቱን በ40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይለውጠዋል፤ ሆድ ውስጥ የምንነፋው ጋዝ ግፊት እንኳ 12 ገደማ ነው። ዜሮ የሚደረገው ሆዱ ከተነፋ በኋላ፣ ጫፉ ምንም ሳይነካ ነው።

ጥያቄ (ሬዚደንት፣ ደሴ)፦ አዳሰሱስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ጨጓራውን በኤንጂ ቲዩብ (በአፍንጫ ወደ ጨጓራ በሚገባ ቱቦ) አራግፉ። ከኋላ በሌላ መሣሪያ ደግፉት፤ ድጋፍ ከሌለው ግድግዳው ይሸሻል፣ ዕጢውም አብሮ ይሸሻል። ከዚያ እኩል እየተጫናችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ መስመር በመስመር ሂዱ። ንባቡ ከፍ ያለበትን ቦታ በሌላ አቅጣጫ ድገሙት። የፓይሎረስ (የጨጓራው መውጫ) ጡንቻ፣ የድሮ ቁስል ጠባሳና የምግብ ቅሪት ሁሉም ጠንካራ ሆነው ይነበባሉ። ጠፍጣፋና ለስላሳ ዕጢ ግን ጭራሽ ላይነበብ ይችላል።

ጥያቄ (የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ፣ ደሴ)፦ መሣሪያው አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ ሲስተር፣ አምራቹ ካልፈቀደ አይገባም። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት በተለይ።

ጥያቄ (ሰርጀን፣ ኮምቦልቻ)፦ መሣሪያው ከሌለንስ?

መልስ፦ ብዙዎቹ ገና ከምርምር ስላልወጡ አትጠብቁት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ቀን በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ) ከዕጢው በላይ፣ ወደ ምግብ ቧንቧው በኩል፣ ክሊፕ (ለምልክት የሚሆን ትንሽ መቆንጠጫ) አስደርጉ። አንድ ክሊፕ ሊወድቅ ስለሚችል ሁለት ሦስት ይሁን። ቆርጣችሁ ያወጣችሁትን የጨጓራ ክፍል እዚያው ክፈቱት፤ ክሊፖቹ መኖራቸውንና ገና ለጀመረ ካንሰር ከዕጢው እስከ ተቆረጠበት ጠርዝ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ክፍል መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ስፌት አትጀምሩ።